ድንኳን ያልተተከለበት ለቅሶ

ሰማይ ላይ ያለው የሳተላይት ዓይን ጣራ እየቆጠረ እህል በሚሰፍርበት ዘመን፣ የይርገዱ ባል አያ ስመኝ ሞቱ።

ባለፈው ወር ረኃብ ሦስት ሰው ቢገድል ዕድሩ ሦስት ድንኳን ተክሎ ነበር። ዓይኑ ግን አዲስ ቤት መስሎት፣ ቤት ከሠራማ መንደሩ ጠግቧል ብሎ የእርዳታውን እህል በግማሽ ቀነሰው። ስለዚህ ዛሬ ለቀስተኛው በጠራራ ፀሐይ ተቀምጧል።

«አርባ ዓመት የሰዉን ድንኳን በትከሻው ተሸክሞ የተከለ ሰው፣ ለእሱ ሲሆን ይቅር?» አለች ይርገዱ።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ፈንታሁን አንገታቸውን ደፉ። «እህቴ፣ እንትከልስ ብንል፣ እነዚህ የልጅ ልጆችሽ ምን ሊቀምሱ ነው?»

ይርገዱ ልጆቹን አየቻቸው። ከዚያ አናቷ ላይ የዘረጋችውን አሮጌ ጥቁር ጃንጥላ ቀስ ብላ አጠፈችው።

«እንግዲያው ይኼም ጣራ ነው እንዳይሉን» አለች።