ማንም የማይነካት ቁልፍ

ባልየው ከወደቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ምላሱም እግሩም ከድተውት የቀረችው አንዲት የቀኝ ጣቱ ብቻ ናት። በደህናው ዘመን የመጋዘን ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ነበር የሚሠራው። ጽሑፉ እየተግተለተለ ሽቅብ ሲሮጥበት፣ ስክሮል ሎክ የሚሏትን ቁልፍ ተጭኖ ቀጥ ያደርገው ነበር። ዛሬ እሷን የሚነካ የለም። ቢነካትም አንዲት አረንጓዴ መብራት ከማብራት በቀር የምትፈይደው የላትም።

ሚስትየዋ ግን ሥራ አገኘችላት። አሮጌውን ኪቦርድ ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል አልጋው ላይ፣ ከጣቱ ሥር አኖረችለት። በራ ማለት እሺ፣ ሳይበራ ቀረ ማለት እምቢ።

ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ አውቃ ዝም የምትል ሴት አይደለችማ። መብራቷን የምታበራው ሚስትየዋ ራሷ ናት፣ ሰውዬውን ቆልፋበት ነው የተቀመጠችው እያለች ስታወራ ከርማለች።

ቅዳሜ ጠዋት የባልየው ታላቅ እህት መኪና ይዛ መጣች። አንዲት ሴት በሹክሹክታ፣ ስሟን ሳትናገር ደውላ፣ ወንድምሽን መጥተሽ ውሰጂው ብላ ስልኩን ዘግታባታለች። መኪናውን አይቶ የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ዞሮ ልብስ ሰፊዋን አየ። ማለች፣ ተገዘተች፤ ማን ይመናት።

እህትየዋ ገብታ ቦርሳዋን ከበሩ ኋላ የቆመ ሻንጣ ላይ ጣል አድርጋ፣ ወንድሜን ልወስድ ነው አለች። ሚስትየዋ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም።

"እሱን ጠይቂው፣ እትዬ።"

"አንቺ አጠገቡ እያለሽማ አልጠይቀውም። ውጪልኝ።"

"እሺ።"

ወጥታ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ምስክር ሆና ቀረች። ባልየው ጢሙን ተላጭቷል፣ ጥፍሩ ተቆርጧል፣ ሦስት ዓመት መሬት ያልረገጠ ሰው ጫማ ተጫምቷል። ለእንግዳ ማስመሰያ ነው አለች ልብስ ሰፊዋ በልቧ።

እህትየዋ ጎንበስ አለች።

"ወንድሜ፣ እዚሁ ልቅር ካልክ አብራት። ከኔ ጋር የምትሄድ ከሆነ ተዋት።"

ጣቲቱ ብዙ ቆየች። ከዚያ ተጫነች። አረንጓዴው በራ።

እህትየዋ ግንባሩን ስማ ቦርሳዋን አነሳች። ደጅ ላይ ሚስትየዋን ስታልፋት "በይ፣ አሸነፍሽ" አለቻት። መኪናው ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ አፍራ መውጫው ጠፋት። ሚስትየዋ ገብታ መብራቷን አየች፣ ጎንበስ ብላ የባሏን ጫማ አወለቀችለት።

ከዚያ ከበሩ ኋላ ያለውን ሻንጣ ከፍታ፣ ትናንት ማታ ራሷ አጣጥፋ የከተተቻቸውን የሱን ፒጃማዎች አንድ በአንድ ወደ ቁም ሣጥኑ መመለስ ጀመረች።