ሻማዎቹ ወዴት ጎበጡ

የሰመራ ሙቀት ሻማ ያጎብጣል። ይህን ሙጂባ ከኮምቦልቻ መጥታ ቤቷ ውስጥ የጌጥ ሻማ መሥራት የጀመረች ሰሞን ነው የተማረችው። ስለዚህ ለሠርግ የታዘዙት ሮዝ ሻማዎች መደርደሪያው ላይ አንገታቸውን ደፍተው ስታገኛቸው አልደነገጠችም። የገረማት፣ ሁሉም ወደ በሩ ማጎንበሳቸው ነው።

«እንኳን ሻማ፣ እኛስ መች ቀጥ ብለን ቆምን!» ብላ ሳቀች ጎረቤቷ ሃፍሳ።

ሙጂባ ሰሙን አቅልጣ፣ ክሩን ወጥራ እንደገና ሠራቻቸው። ነፋሱ ይሆናል ብላም ቬንቲሌተሩን አጠፋች። በማግስቱ ቀትር ላይ ግን ሻማዎቹ ያጎነበሱት ወደ ክፍሉ መሀል ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሠራችና ግማሾቹን መደርደሪያው ላይ፣ ግማሾቹን ማዶ መስኮቱ ሥር አቆመቻቸው።

በሦስተኛው ቀን ቀትር፣ ጓሮ ልብስ አስጥታ ስትገባ፣ የሁለቱም ወገን ሻማዎች ወደ አንድ ቦታ አጎንብሰው ነበር፤ የአራት ዓመት ልጇ ሙስሊማ ወደተኛችበት ምንጣፍ። ልጅቷ ለሌላ ሰው ቦታ የለቀቀች ይመስል ጫፉ ላይ ተሸጉጣለች።

ሙጂባ «ቢስሚላህ» ብላ በእግሯ ጣቶች እየተራመደች ሄዳ አቀፈቻት።

«ቀስ በይ፣ እማ» አለች ሙስሊማ ዓይኗን ሳትገልጥ፤ «ይነቃል።»

ሙጂባ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ እስከ በሩ አፈገፈገች። ሻማዎቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን ከምንጣፉ ቀና አደረጉ። ከዚያም ቀስ ብለው ወደ በሩ ዞሩ።