አማት የማታየው እግር

ቻንሪት ሚስት የምትሆነውን ካገኘ ቆይቷል፤ የቸገረው እግር ነው። ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ፈንጂ የወሰደበት በልጅነቱ፣ በአባቱ የሩዝ ማሳ ውስጥ ነው። በካምቦዲያዋ ባታምባንግ ይህ ብርቅ አይደለም። ብርቁ፣ ለማካራ አለመናገሩ ነው።

ማካራ ገበያው ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። እሱ ከሞተር ብስክሌቱ ሳይወርድ፣ እሷም ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ተዋደዱ። አንድ ቀን እንኳ «ና ወጣ ብለን እንመለስ» ስላላለችው፣ እንደሷ ያለ ጨዋ በአገሩ እንደሌለ ይምል ነበር።

አሁን እናቷ እማማ ፋሊ «እስቲ ልየው» ብለዋል። እማማ ፋሊ ከዚህ በፊት ልጃቸውን ሊያገቡ የመጡትን ሁሉ መልሰዋል፤ አንዱን ጥርሱን፣ አንዱን አጎቱን ጠልተው። ቻንሪት እግር ሠሪው ቪቦል ዘንድ ሮጠ፤ ሩጫ ከተባለ።

«አጎቴ፣ ማንም የማይነቃበት እግር ይሥሩልኝ።»

«እግር እንጂ ድግምት አልሠራም። አውልቀው እስቲ። ይሄን ሁሉ ካልሲ ምን አስደረበህ?»

«እግሬ የሚገባበት ቀፎ ሰፋኛ።»

«ቀፎ አይሰፋም፤ የተቆረጠው እግርህ ጉማጅ ከስቶ ነው። አንተ በከሳህ ቁጥር ፕላስቲኩም አብሮህ ሊከሳ ነው? ደሞ ተረከዙ ለጫማ የተለካ ነው፤ በባዶ እግርህ ስትቆም ወደ ኋላ ያጋድልሃል። አማትህ ቤት በጫማ ልትገባ ኖሯል?»

ቻንሪት ደነገጠ። ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ፣ እንደ ሹም ደረቱን ነፍቶ ወደ ኋላ እየተንጋደደ እጅ ሲነሳ ታየው።

«ቶሎ ይደርሳል?»

«ወረፋ አለ። ዘንድሮ ሰውን ሁሉ ምን እንዳስቸኮለው እንጃ።»

«የኔን ያስቀድሙልኝ፤ ትዳሬ ነው!»

ቪቦል እያጉረመረመ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ቀጭን የእግር ጀሶ ቅርጽ ወደ ጥግ ገፋው።

አዲሱ እግር እውነትም እግር ነበር። ጉማጁን ሳይቆነጥጥ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ቁመቱ ከቀኙ እኩል ነው፤ ሲራመዱበት ዳሌ አያወዛውዝም። በቀጠሮው ቀን ቻንሪት እማማ ፋሊ ቤት በካልሲ ገብቶ፣ እግሮቹን እንደ ደንቡ ወደ ጎን አጥፎ ለሽምግልና ይዞት ከመጣው ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠ።

ማካራ ረጅም ሽርጧን ዙሪያዋን ዘርግታ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ሻዩን የቀዱት እናቷ ናቸው።

«ልጄ፣ ዓይንህ ደህና ነው?» አሉ እማማ ፋሊ።

«ራቅ ያለ ነገር ትንሽ ያስቸግረኛል።»

«ጎሽ። የእግር መንገድስ? ሚስቱን አስከትሎ ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ወንድ አልወድም።»

«እኔም ነፍሴ አይወደው!» አለ ከልቡ።

ሴትዮዋ ነቅተውብኛል፣ አለ በሆዱ። ዓይናቸው እየደጋገመ ወደ ታች ይወርዳል። ሙቀቱና መቀመጡ ተጨማምረው ጉማጁ አብጦ፣ ያ ልክክ ያለው ቀፎ መንከስ ጀመረ። ይባስ ብሎ ሽማግሌው «በሉ ልጆች፣ ተነሱና አብራችሁ እጅ ንሱ» አለ።

ማካራ አልተነሳችም። ቻንሪት ቀና ብሎ አያት፤ ፊቷ በላብ ርሷል። አፍራብኝ ነው ብሎ አሰበ። ይወዳታል፤ ከዚህ በላይ ሊዋሻት አልቻለም። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይሄ እግር የቪቦል ሥራ ነው።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን ቁጭ አደረገ። ማካራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እማማ ፋሊ ተጠግተው እግሩን አንኳኩት፣ ቀፎውን ዳበሱት፤ ፊታቸው በንዴት ቀላ። ቻንሪት ትዳሩ እዚያው ምንጣፍ ላይ ነፍሱ ስትወጣ ተሰማው።

«መቼ ነው የሠራልህ?»

«በዚህ ሰሞን ነው፤ ለምኜው ከሌላው ሥራ አስቀደመልኝ።»

እማማ ፋሊ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማሽ ማካራ? ቪቦል ያንቺን እግር ነገ፣ ነገ እያለ ያጉላላን ለካ የዚህን እየሠራ ነው!»