ሦስተኛው ብልቃጥ

ሲስተር ሽታዬ የመድኃኒቱን ብልቃጥ በእጇ ይዛ ቆየች እንጂ ለሰውየው አልሰጠችውም። ጋሪ ነጂው እንየው የኤች አይ ቪ መድኃኒቴ ጠፋብኝ ብሎ ዳንግላ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ይህ ሦስተኛው ነበር። ኮቱ ሰፍቶታል፤ ጉንጩም ገብቷል።

"ለማን ነው የምትሸጠው?" አለችው።

"አልሸጥም፣ ሲስተር።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሚስቴ ቤሩት ናት። የውሸት የምርመራ ወረቀት አሠርታ ነው የሄደች። እዚያ ሐኪም ቤት ብቅ ካለች ደሟን መርምረው ወደ አገር ቤት ይመልሷታል። መድኃኒቱን ሽሮ ውስጥ ደብቄ በሰው እልክላታለሁ።"

"አንተስ ምን ትውጣለህ?"

ዓይኑን ብልቃጡ ላይ ተከለ። ሽታዬ እውነቱን ይሁን ውሸቱን መለየት አቃታት። ብልቃጡን ከፍታ አንድ ክኒን መዳፉ ላይ አኖረችና ውሃ ቀዳችለት።

"እዚሁ፣ እፊቴ ዋጥ።"

ክኒኑን አፉ ውስጥ ጨመረ፤ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣ፤ ከዚያ ብልቃጡን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። እሷ ግን አፉን እንዲከፍት ነገረችው። እንየው አቀረቀረ። ከዚያ ቀና ብሎ ከፈተላት።

ክኒኑ ከምላሱ ሥር ነበር።