ተቀባዩ

አያ ዳኛው ግጥም ከመጀመራቸው በፊት ሁለት ጊዜ ኡህ፣ ኡህ ይላሉ። በሽታ አይደለም፤ ልማድ ነው። የማክሰኝት ጠጅ ቤት ጠጪዎች ያቺን ሳል ሲሰሙ ብርሌያቸውን አስቀምጠው ጸጥ ይላሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው «ተቀበል!» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ማሲንቋቸውን ገዝግዘው ይቀበላሉ። ሙገሳም ይሁን ስድብ ቃሉ የሰጪው ነው፤ የአዝማሪ ድርሻ ዜማው ብቻ ነው። ሰሞኑን አንድ ባለ ኮፍያ የእህል ነጋዴ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቷቸዋል። በጠላት ላይ የሚዝት ፉከራ ይወዳል። ስልኩን ከብርሌው አጠገብ አጋድሞ ግጥም በግጥም ላይ ይደርብባቸዋል። አያ ዳኛው ግን የተቀበሉትን ሁሉ ጠጅ ቤቱ በር ላይ ጥለውት ነው ጎንደር የሚገቡት።

ማራኪ ሰፈር ባለችው ቤታቸው፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ፣ የቀራቸው አንድ ልጃቸው አለበል ብቻ ነው። በማዕረግ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሞላው፤ ደጅ ያልጠናበት ቢሮ የለም። የሚወዳትን ሥርጉትን ቤተሰቦቿ ለባለ ሲኖትራክ ዳሯት። «የአዝማሪ ልጅ» መባሉም ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ቆረቆረው ነው።

ሥራ የሚሰጥ ቢጠፋ ጠላት የሚሰጥ ሞልቷል። አለበል ኤርፎኑን ከጆሮው መንቀል አቆመ። «መጤ» የምትል ቃል ካፉ የማትጠፋ ሆነች። ስንት ጊዜ አብሮት ማዕድ የቆረሰውን የጭልጋውን ተከራያቸውን ሰላምታ ነሣው።

አያ ዳኛው ጥፋተኛውን ያወቁ መሰላቸው። ፀጉር ቆራጩ ምስጋናው ነው፤ ሥራ ፈቱ ሁሉ የሚሰበሰበው እሱ ዘንድ ነዋ! አንድ ቀን በደጁ ሲያልፉ አለበል ሲገባ አዩት። ትናንት «የአዝማሪ ልጅ» እያሉ የሚስቁበት ጎረምሶች ብድግ ብለው ወንበር ለቀቁለት። ልጃቸውን አለቃ አድርገውታል! 

ሲመጣ ጠብቀው ያዙት።

«ምነው ልጄ? አንተ ቅበረኝ እንጂ እኔ ልቅበርህ? ከዚህ ነገር ውጣ!»

አለበል በተከራዩ ክፍል በኩል ያለውን ግድግዳ በዓይኑ ጠቅሶ ፈገግ አለ።

«ገብቶኛል፣ አባዬ።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። በቃ ተወው፤ ይሰማናል።»

የመከሩትን የሰማላቸው መሰላቸው። ያን ዕለት እንጀራ እንኳ ጣፈጣቸው።

ሰኞ ጠዋት አልጋው ባዶ ነበር። ትራሱ ላይ ወረቀት ተቀምጧል። «አባዬ፣ ቃልህን መሬት አልጥልም። ወንድ ልጅ መውለድህን ታያለህ።»

አያ ዳኛው ወረቀቱን ደጋግመው አነበቡት። ምን ቃል? እሳቸው ያሉት «ቅር» ነው፣ «ተው» ነው። ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ሊዋጋ ወደ ደጋው መውጣቱን የነገራቸው ያ ሰላምታ የተነሣው ተከራይ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሬሳው መጣ። የጭልጋው ሰው ቃሬዛ ተሸከመ።

ከቀብር መልስ አያ ዳኛው እንደ ቆሙ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄዱ። ምስጋናው የአንድ ደንበኛ ራስ እያበጠረ ነበር፤ ዓይኑ በለቅሶ ደም መስሏል።

«ልጄን የገደልኸው አንተ ነህ! ያን መርዝ በጆሮው ስታንቆረቁር ከርመህ!»

ምስጋናው ማበጠሪያውን አስቀመጠ።

«አያ ዳኛው፣ ምን ነካዎት? ያን ድምፅ መጀመሪያ እዚህ ያመጣው አለበል ራሱ ነው። እየኮራ ነበር የሚያሰማን።»

«የማን ድምፅ?»

ምስጋናው የሚያላግጡበት መስሎት ትክ ብሎ አያቸው። እንዳላላገጡ ሲገባው ፊቱ ዓመድ መሰለ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ኤርፎኑን ጆሯቸው ውስጥ ሰካላቸው።

መጀመሪያ የብርሌ ኳኳታ ተሰማ፤ ከዚያ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ኡህ፣ ኡህ አለ።