የጥንቸል ፊሽካ

ኮዮቴ የሚባሉት የዱር ውሾች አዲስ የተወለደ ጥጃዬን ዘነጣጥለው በሉት። በማግስቱ ጠዋት ንዴቴ ሳይበርድ ከሚስቴ ወንድም ከቬርሊን ጋር እነሱን ለማደን ወጣሁ። እሱ እንደ ቆሰለች ጥንቸል በሚጮኸው ፊሽካ ሊጠራቸው ከማሳው በታች ወዳለው ጥልቅ ቦይ ወረደ። እኔ ጠመንጃዬን ደግኜ የታጨደው የበቆሎ ማሳ ዳር፣ በረዶው ላይ ተኛሁ።

ፊሽካው ያለማቋረጥ ጮኸ።

"ቬርሊን፣ ይበቃል! ልታስበረግጋቸው ነው?" ብዬ ብጮህበት ጭራሽ ባሰበት።

ደሜ ፈላ። ሄጄ ልነጥቀው ብድግ ስል ቬርሊን ከኋላዬ፣ መኪናችንን ካቆምንበት በኩል እያለከለከ መጣ።

"ምን ያስጮህሃል፣ አንተ ነገረኛ! ፊሽካውን መኪና ውስጥ ረስቼው ተመልሼ ነው" አለና መዳፉን ዘረጋ። ፊሽካው እጁ ላይ ነበር።

ጩኸቱ ቆመ።

ከቦዩ ውስጥ የእኔው ድምፅ፣ በእኔው ንዴት፣ "ቬርሊን! ና እንጂ፣ ምን ይጎልትሃል?" አለ።

ቬርሊን የተዘጋውን አፌን እያየ ነበር።