የወይዘሮ ታንጉት ሙግት

አሥር አለቃ ደምለው ወይዘሮ ታንጉትን ገና ከሩቅ ሲያያት ደሙ ፈላ። ይቺ ሴት ስትመጣ ሦስተኛ ቅዳሜዋ ነው። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ በሚወርደው መንገድ ላይ የተዘረጋውን የኬላ ገመድ ይዛ ትቆማለች፤ ልቀቂ ቢሏት አትለቅም።

"ይለፍ?" አላት።

"የለኝም።"

"እንግዲያው ተመለሽ!"

"አልመለስም። መመሪያውን አንብብልኝ።"

ዘመኑ ያለ ይለፍ ወረቀት ከወረዳ ወረዳ የማይታለፍበት፣ ጎረምሳውም ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈስበት ነበር። ኬላው አምስት ጠባቂዎች አሉት፤ አራቱ መንገዱ ላይ፣ ያየህ የሚባለው ደግሞ ከኬላው ቤቶች ጀርባ፣ የእግር መንገድ በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ። የታንጉት አባት በሕይወት ሳሉ ከፍርድ ቤት ደጃፍ የማይጠፉ ሙግተኛ ነበሩ። ልጅቱም አፏ እንደሳቸው ነው።

ደምለው ጥርሱን ነክሶ መመሪያውን ከኪሱ አወጣ።

"አንቀጽ ሁለት፣ ትርጓሜ። 'ተጓዥ ማለት ከቀበሌው ወጥቶ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ማንኛውም ሰው ነው።' ገባሽ?"

"የሕዝብ መንገድ ማለትስ?"

"ሕዝብ የሚሄድበት ነዋ!"

"ሕዝብ ማለትስ ማን ነው? እሱን የት ጻፋችሁት?"

ደምለው ወረቀቱን አገላበጠ። የለም። ጠባቂዎቹ አንገታቸውን አስግገው አብረውት ፈለጉ፤ ገበያተኛውም ከበባቸው።

"እኔ ሕዝብ ከሆንኩ መንገዱ የኔ ነው" አለች ታንጉት ድምጿን ከፍ አድርጋ። "በገዛ ጓሮዬ ለመሄድ የማንን ፈቃድ ልጠይቅ? ሕዝብ አይደለሽም ካላችሁኝ ደግሞ እዚሁ በሰው ፊት ንገሩኝ!"

ገበያተኛው ሳቀ። የደምለው ጆሮ በንዴት ቀላ። ሴትዮዋ ለወንበዴ መልእክት ታመላልሳለች ብሎ ከጠረጠረ ሰንብቷል። አገልግሏን ነጥቆ ገለበጠው፤ ቆሎው መሬት ላይ ተበተነ። ዳቦውን ገምሶ ውስጡን በጣቱ ፈለፈለ። ምንም የለም።

ታንጉት የተበተነውን ቆሎ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

"ልጄን አይቸውን አምና በዚህ መንገድ እንደ በግ በመኪና ጭናችሁ ስታሳልፉት ይለፍ የጠየቀው ማን ነው? ንገረኝ! ያኔ አንቀጽ ሁለት የት ነበር? ሬሳው እንኳ አልመጣልኝም እኮ! እሱ ተጓዥ አልነበረም?"

ሳቁ ጠፋ። ጠባቂዎቹ እግራቸው ሥር አዩ። ያየህም ጠመንጃውን አንግቶ፣ አፉን ከፍቶ ከመሀላቸው ቆሟል። ደምለው ጮኸባት፤ እሷም ጮኸችበት፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተሟገቱ። ከዚያ ነጠላዋን አራግፋ ወደ መጣችበት ተመለሰች።

በአራተኛውም ቅዳሜ መጣች፤ እንደገና ያው ሙግት፣ ያው ጩኸት። እሷ ገመዱን እንደያዘች የወረዳው ካድሬ በላንድሮቨር ደረሰ፤ ከመኪናው ሳይወርድ መሳደብ ጀመረ።

"ሠላሳ ሁለት ምልምል! ከሠላሳ ሁለቱ አንድ እንኳ ቤቱ አልተገኘም! ምን ስትጠብቁ ነው የምትውሉት?"

"ጓድ፣ በዚህ መንገድ ድመት እንኳ ያለ ይለፍ አላለፈችም!" አለ ደምለው። እውነቱን ነበር።

ካድሬው "ወዮልህ!" ብሎት ሄደ። ደምለው ያንን ሁሉ ውርደት ይዞ ወደ ታንጉት ዞረ።

"ያለ ይለፍ መንቀሳቀስ! በቃ! ትርጓሜውን እስር ቤት ቁጭ ብለሽ ታነቢዋለሽ!"

ክንዷን ይዞ እየጎተተ ወደ ኬላው ቤት አስገባት። አልተከላከለችም። እንዲያውም ያ ሁሉ ቁጣዋ ድንገት በርዶ፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

"ፈትሻት" አለ በለጠች የምትባለውን የሴቶች ፈታሽ።

በለጠች ከታንጉት ብብት በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ደምለው ልቡ በደስታ ዘለለ፤ የወንበዴው ደብዳቤ ተያዘ! ላስቲኩን ቀዶ ወረቀቱን መስኮቱ አጠገብ ዘረጋው።

ይለፍ ነበር፤ በታንጉት ስም የተጻፈ፣ የወረዳው ማኅተም ያረፈበት፣ ወደ አዲ አርቃይ ደርሶ ለመመለስ ለስድስት ወር የጸና፣ ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት የተሰጠ። ደምለው ቀና ብሎ በመስኮቱ ወደ ገደሉ አየ፤ አፋፉ ላይ ማንም የለም፤ ያየህ እንደ ሌላው ቅዳሜ ሁሉ ሙግቱን ሊሰማ መንገዱ ላይ ወጥቷል።